የኤሌክትሪክ መኪና ማሞቂያ አይጥፋ፤ አሠራሩ ይታወቅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የብርድ ወራት በመጣ ቁጥር የኤሌክትሪክ መኪና ለሚነዱ ሰዎች አንድ ምክር ይሰጣል፤ «ባትሪው እንዲበረክት ማሞቂያውን አጥፉት» ይባላሉ። ምክሩ በቃልም በጽሑፍም ይዞራል። በዚህ ሙያ ላለን ሰዎች ግን አደገኛ ምክር ነው። እጁ የደነዘዘ አሽከርካሪ መሪ በወጉ አይዝም፤ ጉም የለበሰ መስታወትም መንገድ የሚያቋርጠውን ሰው ይሸፍናል። ደግሞም አያስፈልግም። ሙቀቱ መቼና በምን እንደሚመረት፣ በየት በኩልም እንደሚያመልጥ ያወቀ ሰው ሳይበርደው ብዙ ኃይል ይቆጥባል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈውም ለዚሁ ነው።

የችግሩን ምንጭ እናስቀድም። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጎማ ላይ የሚደርሰው ከሲሶው እምብዛም አይበልጥም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይወጣል። በነዳጅ መኪና ውስጥ መሞቅ ወጪ የሌለው የሚመስለው ከዚያ ከሚባክነው ሙቀት ላይ ስለሚቀዳ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር በአንጻሩ ከሚቀበለው ኃይል 90 በመቶ ያህሉን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል። የሚተርፈው ሙቀት ጥቂት ስለሆነ መኪናው ለተሳፋሪው የሚሆነውን ሙቀት ከዚያው ከመንጃው ባትሪ መሥራት አለበት። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 አምስት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከ0 በታች 7 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ ፈትኖ ነበር። ማሞቂያው ሳይበራ በአንድ ቻርጅ የሚሄዱት ርቀት በአማካይ በ12 በመቶ ቀነሰ፤ ማሞቂያው ሲበራ ግን ቅናሹ 41 በመቶ ደረሰ። «አጥፉት» የሚሉት ሰዎች የሚያዩት ይህን ቁጥር ነው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ከእሱ የሚያወጡት መደምደሚያ ነው የተሳሳተው።

ማሞቂያ ኃይል የሚበላው በሰዓት ነው፤ ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። ይህን ያልተረዳ ሰው መኪናው አንድ ቀን ርቆ ሄዶ በማግስቱ ቶሎ ሲያልቅበት ግራ ይገባዋል። ውጭው 0 ዲግሪ ሲሆን ውስጡን አንዴ ከሞቀ በኋላ ባለበት ለማቆየት 2 ኪሎዋት ያህል ይጠይቃል እንበል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ለሙቀት የሚያወጣው 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። በተጨናነቀ መንገድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚያዘግመው ግን ለዚያው ርቀት 6.7 ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል። መኪናው ራሱን ለማንቀሳቀስ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 18 ኪሎዋት ሰዓት እንደሚበቃው ሲታሰብ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አጭር መንገድ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የቀዘቀዘ መኪና ሲነሳ ማሞቂያው እስከ 5 ኪሎዋት፣ በአንዳንዱ ከዚያም በላይ ይስባል፤ አየሩን ብቻ ሳይሆን መቀመጫውን፣ ዳሽቦርዱንና መስታወቱን ሁሉ ማሞቅ አለበትና። 5 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ በዚያች ሩብ ሰዓት 1.25 ኪሎዋት ሰዓት ለሙቀት ይሄዳል። ጉዞው ራሱ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለአጭር ጉዳይ ከመውጣት ጉዳዮችን አንድ ላይ አያይዞ መኪናው ሳይቀዘቅዝ መጨረስ ማሞቂያውን ከማጥፋት የተሻለ ቁጠባ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሔ መኪናው ገና ከቻርጀሩ ሳይነቀል ማሞቅ ነው። ያ ከባድ የመጀመሪያ ሩብ ሰዓት ከባትሪው ሳይሆን ከኤሌክትሪክ መስመሩ ይከፈላል ማለት ነው። መኪናው ላይ ወይም በስልክ መተግበሪያው የመነሻ ሰዓት ሞልቶ መተው ይቻላል፤ በመጠነኛ ብርድ 20 ደቂቃ፣ በከባድ ብርድ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃል። እዚህ ላይ የሶኬቱን አቅም ማወቅ ያስፈልጋል። በ230 ቮልት 10 አምፔር የሚሰጥ ተራ ሶኬት 2.3 ኪሎዋት ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ማሞቂያው 5 ሲስብ የጎደለውን ባትሪው ይሞላል። ሰካሁት ብሎ የተማመነ ሰው ጠዋት አንድ ሁለት በመቶ ጎድሎ ቢያገኘው ብልሽት አይደለም። 32 አምፔር የሚሰጥ የግድግዳ ቻርጀር 7.4 ኪሎዋት ስለሚያወጣ ይህ ችግር የለበትም።

ቻርጁ ራሱ ከመነሻው ጥቂት ቀደም ብሎ እንዲያልቅ ሰዓቱን ማስተካከልም ጥሩ ነው። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ይሞቃልና። ሊትየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች በኃይል ቻርጅ መደረግ አይችልም፤ ሊትየሙ በአንዱ ዋልታ ላይ እንደ ብረት እየተለበጠ ባትሪውን ይጎዳዋል። በዚህ ምክንያት መኪናው በብርድ ፍሬን ሲያዝ የሚመለሰውን ኃይል ይቀንሳል፤ የባትሪ ማሞቂያ ካለውም ያበራል። ይኼኛው ማሞቂያ ከተሳፋሪው ጋር አንድን ኃይል ይሻማል። ባትሪው ሞቆ ከተነሳ ሽሚያው አይኖርም። ቻርጀር ላይ ያልተሰካ መኪና ደግሞ ባትሪው 20 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ቅድመ ማሞቂያውን አላበራም የሚልበት ብዙ ዓይነት አለ፤ በብርድ ወራት 40 በመቶ ሲቀር መሰካትን ልማድ ያድርጉ።

ከመነሳት በፊት በእጅ የሚሠራ ሥራም አለ። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ኮፈኑ የሚያልቅበት ቦታ ላይ የአየር መግቢያ ቀዳዳ አለ፤ በረዶ ከደፈነው ንጹሕ አየር አይገባም፣ የገባውም እርጥብ ይሆናል። በመጥረጊያ ይጥረጉት። የዝናብ መጥረጊያው ማታ መኪናው ሲቆም መጥፋቱን ያረጋግጡ፤ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ሳለ ሲነሳ ሞተሩ ይቃጠላል ወይም ላስቲኩ ይቀደዳል። በረዶውን በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሱት። የፈላ ውኃ ማፍሰስ መስታወቱን ይሰነጥቃል።

ስለ መቀመጫ ማሞቂያ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ልኩ ይነገር። አንድ መቀመጫ ከ50 እስከ 100 ዋት ይበላል፤ የመሪው ማሞቂያም ከዚህ አይበልጥም። በጠቅላላው አየሩን ከማሞቅ በአሥር እጅ ያነሰ ነው። ስለዚህ መቀመጫውንና መሪውን አብርቶ የአየሩን ልክ ከ22 ወደ 19 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ያዋጣል፦ ውጭው 0 ሲሆን የሚያመልጠው ሙቀት በሰባተኛ ያህል ይቀንሳል። ውጭው ከ0 በታች 10 ሲሆን ግን ጥቅሙ ወደ አሥራ አንደኛ ዝቅ ይላል። መቀመጫው ጀርባን እንጂ መስታወትን አያሞቅም፤ አየሩን ጨርሶ አጥፍቶ በመቀመጫ ብቻ መንዳት ወደዚያው ወደ ጉሙ ይመልሰናል። አሽከርካሪው ብቻውን ከሆነ አየሩን ወደ እሱ በኩል ብቻ የሚመራ ቁልፍ በብዙ መኪኖች ላይ አለ፤ ይጠቀሙበት።

ልጆችን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ወፍራም ጃኬት ለብሶ በልጅ መቀመጫ የታሰረ ሕፃን ቀበቶው የጠበቀ ይመስላል፤ ግጭት ሲመጣ ግን ጃኬቱ ይታመቅና ቀበቶው ልል ይሆናል። ጃኬቱን አውልቀው ቀበቶውን ያጥብቁ፤ ብርድ ልብሱን ከቀበቶው በላይ ያልብሱት። መኪናው አስቀድሞ ከሞቀ ይህን ማድረግ አያስቸግርም።

አሁን ወደ ጉሙ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተቀመጠ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት ከ40 እስከ 50 ግራም ገደማ ውኃ ያወጣል። አራት ሰው ሲሳፈር በሰዓት አንድ ብርጭቆ የሚጠጋ ውኃ አየር ውስጥ ገባ ማለት ነው። በጫማ ተጣብቆ የገባው በረዶ ምንጣፉ ላይ ሲቀልጥ ይጨመርበታል። ይህ እርጥበት ማረፊያ የሚያገኘው ከሁሉ የቀዘቀዘው ነገር ላይ ነው፤ እሱም መስታወቱ ነው። ኃይል ለመቆጠብ ብሎ አየሩን ውስጥ ለውስጥ የሚያዞረውን ቁልፍ አብርቶ ለረጅም ጊዜ የተወ ሰው ሙቀቱንም እርጥበቱንም አብሮ ይዘጋል።

በሌላ በኩል ሙሉ በሙሉ የውጭ አየር ማስገባት ውድ ነው። በሰዓት 250 ሜትር ኩብ አየር ከ0 ወደ 20 ዲግሪ ለማሞቅ ብቻ 1.8 ኪሎዋት ይፈልጋል። መሃሉን የሚያገኘው «አውቶ» የሚለው ቁልፍ ነው፤ የእርጥበት መለኪያ ያለው መኪና ከውስጥና ከውጭ አየር እያመጣጠነ ይቀላቅላል። መለኪያ የሌለው ከሆነ እስኪሞቅ አምስትና አሥር ደቂቃ አየሩን ውስጥ ለውስጥ ያዙሩት፤ ከዚያ ወደ ውጭ አየር ይመልሱት። ረጅም ጊዜ ተዘግቶ መሄድ የትንፋሽ አየር እየተጠራቀመ አሽከርካሪውን እንቅልፍ እንቅልፍ እንዲለው ማድረጉም አይረሳ።

የኤሲውን ቁልፍ በብርድ መንካት ሞኝነት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኤሲ አየሩን አቀዝቅዞ ውኃውን ያንጠባጥባል፤ ማሞቂያው የደረቀውን አየር መልሶ ያሞቀዋል። ስለዚህ ጉም ሲበዛ ኤሲና ሙቀት አብረው ይበራሉ፤ ጉሙ ሲጠፋ ኤሲው ሊጠፋ ይችላል። ሆኖም ከ0 ዲግሪ በታች በሚሆንበት ጊዜ ብዙ መኪና ኤሲውን ለእርጥበት ማስወገጃ አያስነሳውም፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ የውጭ አየርና ሙቀት ነው፤ የውጭ ብርድ አየር በውስጡ ያለው ውኃ እጅግ ጥቂት ነውና። የጎማ ምንጣፍ አድርጎ የተጠራቀመውን ውኃ በየቀኑ መድፋት፣ የመስታወቱን ውስጠኛ ገጽ ከቅባት ማጽዳት፣ እርጥብ ልብስ በመኪና ውስጥ አለማሳደር ቀላልና ውጤታማ ናቸው።

ማሞቂያዎቹ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ገዢዎች ሊያውቁ ይገባል። አንደኛው ፒቲሲ የሚባለው ነው፤ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መሰናክሉ በድንገት የሚጨምር ሴራሚክ ነው። 1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ በልቶ 1 ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል፤ ቶሎ ይሞቃል፣ ቅዝቃዜው የቱንም ያህል ቢበረታ ይሠራል። ሁለተኛው ሂት ፓምፕ ነው። እሱ ሙቀት አይፈጥርም፤ ፍሪጅ ከውስጡ የወሰደውን ሙቀት ከጀርባው እንደሚያወጣ ከውጭው አየር፣ ከሞተሩና ከባትሪው የተገኘችውን ሙቀት ለቅሞ ወደ ውስጥ ያስገባል። በ0 ዲግሪና ከዚያ ትንሽ ከፍ ባለ አየር ለ1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል። ብርዱ በጠና ቁጥር ግን ትርፉ ይቀንሳል፤ በተለመደው የኤሲ ጋዝ የሚሠራው ከ0 በታች ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሲደርስ ከፒቲሲው ብዙም አይሻልም። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራው ዓይነት በከባድ ብርድ የተሻለ ነው። ሬኖ ዞዊ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኒሳን ሊፍ በ2013 ሞዴሉ፣ ቴስላ ደግሞ በ2020 በሞዴል ዋይ ሂት ፓምፕ ይዘው መጥተዋል። አንድ ስም ያላቸው መኪኖች ግን አንዱ ያለው፣ ሌላው የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው በስሙ ሳይሆን በሻንሲ ቁጥሩ ያስመርምር።

ሂት ፓምፕ ያለው ሰው ብልሽት የሚመስለው አንድ ነገር አለ። እርጥበት ባለበት ብርድ ከፊት ያለው ራዲያተር በረዶ ይጋገርበታል፤ መኪናው በረዶውን ለማቅለጥ ዑደቱን ይገለብጠዋል። በዚያን ጊዜ የሚገባው አየር ለጥቂት ደቂቃ ለብ ይላል፤ ከፊት እንፋሎት ሊነሳ፣ ከሥርም ውኃ ሊንጠባጠብ ይችላል። ጤነኛ ነው። ለብታው ከሩብ ሰዓት በላይ ከዘለቀ ግን ጋዙ ጎድሎ ወይም ቫልቭ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

ጋዝ የሚሞላው ባለሙያ ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ መኪና ኮምፕረሰር (የኤሲውንና የሂት ፓምፑን ጋዝ የሚያምቀው ክፍል) ሞተር ከከፍተኛ ቮልቴጅ ጋር በአንድ ቤት ውስጥ በዘይት ተነክሮ ይሠራል፤ ስለዚህ ዘይቱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሆን አለበት። የተለመደው ፒኦኢ የሚባለው ነው። በነዳጅ መኪኖች የሚሞላው ፓግ ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ኤሌክትሪክም ያሳልፋል፤ በመሙያ ማሽኑ ቱቦ ውስጥ የቀረው ጥቂቱ እንኳ ሊበክል ይችላል። ከዚያ መኪናው የኢንሱሌሽን (የኤሌክትሪክ መከላከያ) ጉድለት ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ጨርሶ አልነሳም ሊልም ይችላል። ባለቤቱ ማሽኑ ለኤሌክትሪክ መኪና የተለየ ወይም በሚገባ የታጠበ መሆኑን፣ የሚሞላው ዘይትና ጋዝም ኮፈኑ ሥር ካለው መለያ ጽሑፍ ጋር መስማማቱን ይጠይቅ።

ሙቀቱ ሲደክም ወደ ጋራዥ ከመሮጥ በፊት መጀመሪያ የሚታየው የጋቢናው አየር ፊልትሮ ነው። ብዙ ጊዜ ከጓንት ማስቀመጫው ጀርባ ይገኛል። ሲዘጋ አየሩ ያንሳል፤ ፒቲሲው ሙቀቱን የሚወስድለት አየር ሲያጣ መሰናክሉ ጨምሮ ኃይሉን ራሱ ይቀንሳል። ማሞቂያው የደከመ የሚመስለው መታፈኑ ነው። አየሩ በርትቶ እየነፈሰ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ኃይል የሚቆጥበው የኢኮ ቁልፍ በርቶ ማሞቂያውን ገድቦት እንደሆነ ይመልከቱ። በአንድ በኩል ሞቆ በሌላው ከቀዘቀዘ አየሩን የሚያከፋፍለው ክዳን ሞተር ተጣብቋል። ማሞቂያው በኩላንት (ሙቀቱን በሚያመላልስ ፈሳሽ) የሚሠራ ከሆነና ከዳሽቦርዱ ጀርባ የውኃ መንቆርቆር ከተሰማ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል፤ ኩላንት ተቀይሮ አየሩ በደንብ ሳይወጣ ሲቀር የሚደርስ ነው። ጎደለ ብሎ የቧንቧ ውኃ መጨመር አይገባም፤ መኪናው የሚፈልገው የራሱ የሆነ ኩላንት አለ።

ከዚህ በላይ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው። ብርቱካንማ ገመዶች 400 ቮልት፣ በአንዳንዱ 800 ቮልት ይሸከማሉ። ፒቲሲውን ለመፍታት መስመሩ መቋረጥ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች እስኪራገፉ አምራቹ ያዘዘውን ደቂቃ መጠበቅ፣ በመለኪያ 0 ቮልት መሆኑን ማረጋገጥና እስከ 1000 ቮልት የሚከላከል ጓንት ማድረግ ግድ ነው።

ከውጭ የሚጨመሩ ማሞቂያዎችን በተመለከተ ሐሳባችን አጭር ነው። በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት የሚሠራ ማሞቂያ 12 ቮልትና 10 አምፔር ስለሚያገኝ 120 ዋት ብቻ ነው፤ አየር አያሞቅም። የቤት ማሞቂያ በተዘረጋ ገመድ መኪና ውስጥ አብርቶ መተው እሳት ያስነሳል። ጋዝ ወይም ከሰል መኪና ውስጥ ማቀጣጠል ሰው ይገድላል፤ ከእሳቱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም።

በበረዶ መንገድ ተዘግቶ ለሚያድር ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ከሚታሰበው ይሻላል። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ግማሹ ቢቀር 30 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ልኩን 17 ዲግሪ አድርጎ መቀመጫውን ላበራ ሰው ማሞቂያውና ሌላው መሣሪያ በአማካይ 1.5 ኪሎዋት ቢበሉ 20 ሰዓት ያቆያል። መኪናው የራሱ ጭስ የለውም። አጠገብ የቆመ የነዳጅ መኪና ሞተሩን ካላጠፋ ግን ጭሱ በአየር መግቢያው ሊገባ ስለሚችል አየሩን ውስጥ ለውስጥ ማዞር፣ በየጊዜውም ከጭሱ ራቅ ባለው በኩል መስኮት ጥቂት መክፈት ያስፈልጋል። የፊቱ ራዲያተር በበረዶ እንዳይቀበርም ወጥቶ መጥረግ ነው።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለን። ስለ አዳዲስ መኪኖች ስትጽፉ በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ይሄዳል የሚለውን ቁጥር ብቻውን አታውጡት። ሂት ፓምፕ አለው ወይስ ፒቲሲ ብቻ፣ ሲለካ የውጭው አየር ስንት ዲግሪ ነበር፣ ማሞቂያው በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ፣ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ተነዳ የሚለው አብሮ ይጻፍ። ሻጩ እነዚህን አራቱን መመለስ ካልቻለ ያም ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር
የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ባለሙያዎች